ሃይማኖትን ከትምህርት ቤት ለማስወጣት፣ ባህልን ደግሞ ለማስገባት የወጣ የፌዝ አዋጅ

ስማ በለው! ስማ በለው! የማርያምን ጠላት ጆሮውን ድፈነው!

(የአርቃቂው ማስታወሻ፦ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚል አዋጅ በዚህ ጥሪ መጀመሩ ቅር ያሰኛቸው አንድ የኮሚቴ አባል ነበሩ። ጉዳዩ ተመርምሮ ጥሪው ሃይማኖት ሳይሆን የነጋሪት ባህል መሆኑ ስለተረጋገጠ እንዳለ ጸንቷል። አባሉ በክብር ተሰናብተዋል።)

መግቢያ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የካህናቱን ቅሬታ ለማብረድ ሲሉ መምህራኑን ከግብፅ ኮፕቶች መርጠው ስላስመጡ፣ ስለዚህም ፈረንሳይኛና ሒሳብ እንኳ ወደ ክፍል የገቡት የሃይማኖት መታወቂያቸውን በር ላይ አሳይተው በመሆኑ፤

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን መንግሥት የሚደግፋት የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ስላደረጋትና በዚያ ዘመን ርዕሰ መምህሩ «በሰልፍ ላይ የማንን ጸሎት ላስደግም?» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት ስላልነበረ፤

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወዳጆቻቸውም ተቀላቅለዋቸው፣ እኩልነትን ጠይቀው አደባባይ በመውጣታቸው፤ ከዚያም ደርግ በዓላቸውን በመንግሥት የቀን መቁጠሪያ ካስገባ በኋላ ግብረ ገብን አውጥቶ ማርክስንና ሌኒንን በማስተማር፣ መለያየት ማለት አንዱን መጽሐፍ አንሥቶ ሌላ መጽሐፍ ማሳለም ነው የሚል ግንዛቤ ስላስፋፋ፤

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ብሎ ነገሩን በሦስት አጫጭር ንኡሳን አንቀጾች ስለጨረሰው፣ ይህን ያህል ያጠረ ሕግ ደግሞ ኮሚቴን ሥራ ስለሚያስፈታ፤

እኛ የአጥሩ ጠባቂዎች የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

የለውም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

«ባህል» ማለት በከተማው ውስጥ ብዙ ሰው የሚያምነው ሃይማኖት ነው።

«ሃይማኖት» ማለት በከተማው ውስጥ ጥቂት ሰው የሚከተለው ባህል ነው።

«አክራሪ» ማለት ሁለቱን ትርጓሜዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ነው።

«መቻቻል» ማለት ጥቂቶቹ ችለው ሲኖሩ ብዙኃኑ በዓመት አንድ ጊዜ በአዳራሽ ተሰብስበው የሚያመሰግኑበት ፕሮግራም ሲሆን፣ ሻይና ኩኪስን ይጨምራል።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

ይህ አዋጅ በመላ አገሪቱ ተፈጻሚ ይሆናል፤ አፈጻጸሙ ግን አውቶቡሱ እንደቆመበት መናኸሪያ ይለያያል። አባቷ ከጅግጅጋ ወደ ጎንደር የተዛወረ ተማሪ ስትሳፈር ባህል የነበራት ልጅ ስትወርድ ሃይማኖተኛ ሆና ትገኛለች። ከጎንደር ወደ ጅግጅጋ የተዛወረው የመምህር ልጅም እንዲሁ፤ ሲሳፈር አንገቱ ላይ የነበረው ክር እንዲያው ክር ነበር፣ ሲወርድ ግን ማተብ ሆኗል። ለውጡ በትክክል የት ላይ እንደሚከሰት ያልተረጋገጠ ሲሆን፣ ምሳ የሚበላበት ከተማ ላይ ሳይሆን እንደማይቀር ሾፌሮች ይገምታሉ። ጴንጤ የሆነ ተማሪ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ሲጓዝ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሃይማኖተኛ ነው፤ ባህል ለመሆን ወደ ወላይታ ሶዶ ወይም ወደ ሆሳዕና የሚሄደውን አውቶቡስ መጠበቅ ይኖርበታል።

አንቀጽ 4፦ ስለ በሩ

የትምህርት ቤት ዘበኛ ከዛሬ ጀምሮ የሊቀ ሊቃውንትነትና የሙፍቲነት ሥልጣን በጣምራ ተሰጥቶታል። ደመወዙ አይነካም።

ዘበኛው በጨርቅ ላይ ብያኔ ሲሰጥ በሚከተለው መንገድ ይመራል። አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ ከአንድ ሱቅ በአንድ ዋጋ የተገዛ ይሁን። ይህ ጨርቅ ሹሩባ እንዳይፈታ ከኋላ ከታሰረ ሻሽ ይባላል፤ ንጽሕና ነው፣ ያልፋል። ሐዘን ላይ ከተደረገ ወግ ነው፣ ያልፋል፤ «ነፍስ ይማር» ማለትም ተገቢ ነው። በወላጆች በዓል ቀን እንግዳ ተቀባይ ሆና የቆመች ልጅ ትከሻዋ ላይ ጣል ካደረገችው ውበት ነው፤ ፎቶ ይነሣል። ያው ጨርቅ አገጭ ሥር ከተቋጠረ ግን የሕገ መንግሥት ጥያቄ ያስነሣል፣ አገሪቱም ለጊዜው አደጋ ላይ ትሆናለች።

ልጅቷ ፊቷ እንደሚታይ፣ ስሟ መዝገብ ላይ እንዳለ፣ የደንብ ልብሷንም እንደለበሰች ብትናገር ዘበኛው «እኔ የታዘዝኩትን ነው» ብሎ ይመልሳል። ማን እንዳዘዘው ብትጠይቅ ርዕሰ መምህሩን፣ ርዕሰ መምህሩም ሲጠየቅ «የቆየ አሠራራችን ነው» ብሎ ሟች አባቶቹን ይጠራል። እነርሱ ደግሞ አይጠየቁም።

የቆየ አሠራርን ካነሣን፣ ኮሚቴው በአገራችን ታሪክ አንድ ከባድ የአሠራር ክፍተት አግኝቷል። ከ1,400 ዓመት በፊት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ አክሱሙ ንጉሥ በመጡ ጊዜ ከመካከላቸው ሴቶች ነበሩ፤ የነቢዩ ልጅ ሩቅያም ነበረች። ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል አድምጦ አስጠለላቸው እንጂ ራሳቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ያስፈተሸ ዘበኛ መኖሩን የዘገበ የለም። ጉድለቱ ዘግይቶም ቢሆን ታርሟል፦ በ2017 ዓ.ም. በዚያችው በአክሱም ከተማ ሒጃብ ያደረጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት በር ተመልሰዋል። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ከትምህርት ገበታ የራቁት 159 ሴት ልጆች መሆናቸውን ገለጸ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ መቀሌ ላይ ሰልፍ ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን የብሔራዊ ፈተና ምዝገባው ቀን እየቆጠረ ነበር። በዚህ አዋጅ ውስጥ ፌዝ ያልሆነው አንቀጽ ይህ ብቻ ነው፤ እኛም ብንሞክር ከዚህ የተሻለ መፍጠር አልቻልንም።

አንቀጽ 5፦ ስለ በዓላት

መንግሥት ሃይማኖት የለውም፤ በዓል ግን አለው። መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋ እና መውሊድ፤ በድምሩ 8 ናቸው። በነዚህ ቀናት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ መዘጋቱም ከሃይማኖት መለየታችንን አያናጋም፣ ተማሪዎችም ይህን አንቀጽ በሙሉ ድምፅ ያጸደቁት ሲሆን በስብሰባ ታሪካችን ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ ያጨበጨቡበት ብቸኛው አንቀጽ ነው። ጨረቃ ካልታየች የሒሳብ ፈተናው በሰዓቱ ይሰጣል። ከታየች ግን አይሰጥም፤ ጨረቃ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ጣልቃ ገብታለች ብሎ መክሰስ አይቻልም።

አንቀጽ 6፦ ስለ ጣልቃ ገብነት

የሃይማኖት መሪዎች በትምህርት ቤት ጉዳይ ጣልቃ መግባት ክልክል ነው። ሆኖም የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፣ ምረቃ ሲኖር፣ በተለይም ካሜራ ሲመጣ ፊት ረድፍ ላይ መቀመጥ ግዴታቸው ነው። ጣልቃ የሚባለው መሐል መግባት ስለሆነ ፊት ለፊት መቀመጥ ጣልቃ አይደለም። ባለሥልጣኑም በበኩሉ በሃይማኖት ጉዳይ አይገባም፤ ማን ሽማግሌ እንደሚሆን፣ ማን ምን ብሎ እንደሚመርቅና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ብቻ ይወስናል።

አንቀጽ 7፦ ስለ ሚኒ ሚዲያ

ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው፣ ሚኒ ሚዲያው ግን የብዙኃኑ ነው። በጠዋቱ ሰልፍ የሚለቀቀው የብዙኃኑ ዜማ «የማነቃቂያ ሙዚቃ» ተብሎ ይመዘገባል። የጥቂቶቹ ዜማ፣ መዝሙርም ይሁን ነሺዳ፣ ሲጠየቅ ማይኩ ይበላሻል።

አንቀጽ 8፦ ስለ መምህራን

የሥነ ሕይወት መምህር ዝግመተ ለውጥን ሲያስተምር «ለፈተና ያዙት እንጂ እንዳታምኑበት» ማለት የቆየ ልማዱ ስለሆነ ይቀጥላል። የትኛውም መምህር የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ የመጨረሻ 10 ደቂቃ ነፍሳቸው ለጠፋባቸው ተማሪዎች ስብከት ቢያውለው፣ ስብከቱ ባህል መሆን አለመሆኑ በአንቀጽ 2 መሠረት በቆጠራ ይጣራል። ባህል ሆኖ ከተገኘ የምስጋና ወረቀት ይሰጠዋል። ሃይማኖት ሆኖ ከተገኘ ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. ያወጣው የአምልኮ መመሪያ ከመሳቢያ ወጥቶ፣ አቧራው ተራግፎ፣ ሙሉ ቃሉ ይነበብለታል።

አንቀጽ 9፦ ስለ ፈተና ሰሞን

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ በየቤቱ ስእለቱ፣ ጸበሉና ዱዓው በርክቷል። ኮሚቴው ከፈተና በፊት የሚደረግን ጸሎት ለመከልከል ተሰብስቦ ነበር። ዳሩ ግን አብዛኞቹ አባላት የተፈታኝ ወላጆች በመሆናቸው ስብሰባው በጸሎት ተከፍቶ፣ ያለ ውሳኔ፣ በጸሎት ተዘግቷል።

አንቀጽ 10፦ ስለ ጾም

ለቤተሰብ ይተዋል። ምግቡም በጀቱም የለምና።

አንቀጽ 11፦ የተሰናበቱት አባል አስተያየት

በክብር የተሰናበቱት አባል ከመውጣታቸው በፊት በጽሑፍ የተዉት አስተያየት በቃለ ጉባኤው ተያይዞ ስለተገኘና ገጹን መቅደድ ሪፖርቱን ስለሚያበላሽ እንዲህ ቀርቧል፦

«ጓዶች፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 90 ንኡስ አንቀጽ 2ን እስከ መጨረሻው ብታነቡት ጥሩ ነበር። ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ሦስት ናቸው። እናንተ የመጀመሪያውን ለዘበኛ ሰጣችሁ፣ ሁለተኛውን ለስብሰባ ተዋችሁት፣ ሦስተኛውን ደግሞ መደበቂያ አደረጋችሁት። ሕጉ ባህልም ሆኖ ቢመጣ አይሆንም ብሏል።

«ደግሞስ ነጻ ይሁን የተባለው ትምህርቱ ነው፤ ልጅቷ አይደለችም። ጠመኔ ይዞ የቆመው መምህር የመንግሥት ደመወዝ ይበላል፣ ውጤት ይሰጣል፣ ይጥላል፣ ያሳልፋል፤ እሱ ሲሰብክ የሚሰብከው መንግሥት ነው። ደብተር ይዛ የተቀመጠችው ልጅ መንግሥት አይደለችም። በአንቀጽ 27 እምነቷን በግልም በጋራም፣ በይፋም ጭምር የመግለጽ መብት አላት፤ ገደብ ይደረግ ከተባለም ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሌላው ሰው መብት ሲባል በሕግ ነው እንጂ በዘበኛ ዓይን አይደለም። በዕረፍት ሰዓት ጓደኛዋን አስጨንቃ ‹ካልሰገድሽ› ብትል ወይም አንዱ ‹ማተብ ካላሰርክ አብረን አንቀመጥም› ቢል፣ ያኔ ግቡና ዳኙ። ያን ጊዜ ግን አንዳችሁንም አላየሁም፤ የምትታዩት በር ላይ ነው።

«የሚገርመኝ ሸክሙን ማሸከማችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 የታሰረው መንግሥት አንገት ላይ ነበር፤ ፈታችሁ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አንገት ላይ አሰራችሁት።»

(የአርቃቂው ማስታወሻ፦ የአባሉ ሃይማኖት ተጣርቷል። የብዙኃኑ ሆኖ በመገኘቱ ኮሚቴው ግራ ተጋብቷል።)

አንቀጽ 12፦ ቅጣት

ይህን አዋጅ ጥሳ የተገኘች ተማሪ አንድ የትምህርት ዓመት ታጣለች። ያለ ሥልጣኑ የከለከላት ርዕሰ መምህር ደግሞ በብዝኃነት አያያዝ ላይ አዳማ ወርዶ የአምስት ቀን ሥልጠና እንዲወስድ ይገደዳል፤ አበል ይታሰብለታል። ዘበኛው አበል የለውም፤ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ እንደሆነ ግን በሪፖርቱ ይገለጻል።

አንቀጽ 13፦ የተሻሩ ሕጎች

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ሕግ ተሽሯል ብለን ልንጽፍ ስንል የሕግ አማካሪያችን አስቆሙን። አማካሪው ያነበቡልን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 9 ንኡስ አንቀጽ 1 ነው፦ ሕግም ይሁን ልማዳዊ አሠራር፣ የመንግሥት አካልም ይሁን የባለሥልጣን ውሳኔ፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተቃረነ ተፈጻሚነት የለውም። «ልማዳዊ አሠራር የሚለው የርዕሰ መምህሩን የቆየ አሠራር ይጨምራል ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። ይጨምራል አሉ። «የኛንስ አዋጅ?» አልናቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው «እናንተንማ ከርዕሳችሁ ጀምሮ» አሉን።

አንቀጽ 14፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

በአንቀጽ 13 በተገለጸው ምክንያት ይህ አዋጅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ አይጸናም። ከሱ በፊት ያለ አዋጅ፣ ያለ ደብዳቤ፣ በቃል ትእዛዝ ሲሠራበት የቆየውም እንደዚሁ አይጸናም፤ ሕገ መንግሥቱ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው።

ስለሆነም፣ ርዕሰ መምህር ሆይ፦ ይህን ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አትለጥፍ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 9ን፣ 11ን፣ 27ንና 90ን ጊዜ ስታገኝ አንብብ። በር ላይ የቆሙትን ልጆች ግን አንብበህ እስክትጨርስ አታቁማቸው፤ አሁን አስገባ።