ጉደር ደጋ ሲወጣ

የመካነ ሰላም ሰው ጠላ ሲቀርብለት በዋጋው አይፈርድም። ጌሾው በዝቶ እንደሆነ፣ ድፍድፉ ጊዜውን ሳይጠብቅ ተጠልሎ እንደሆነ፣ ወይም ጠላ ተብሎ ቅራሪ ተቀድቶለት እንደሆነ አንድ ጉንጭ ጠጥቶ ይለያል። ይህ ሁሉ ሊቅነት ወይን ጠጅ ሲመጣ የት እንደሚገባ እንጃ! ጠርሙሱ ላይ ፈረንጅኛ ካለ በአክብሮት ዝም፤ የአገራችን ርካሽ ቀይ ወይን ጉደር ከሆነ ደግሞ ሳይቀምሱ ፊት ማጨማደድ። ዋጋ ምላስን እንደሚያታልል እኮ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት ያንኑ አንድ ወይን ጠጅ አንዴ የ5 ዶላር፣ አንዴ የ45 ዶላር ነው እያለ አስቀመሰ፤ ቀማሾቹም የ45ቱን አብልጠው ወደዱት። ጠላችንን እንዲህ ብንቀምሰው ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ቅራሪ በጠላ ዋጋ በጠጣ ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ የርካሽ ቀይ ወይን ጠጅ ወንጀል ግማሹ የእሱ አይደለም። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲመጣ ከባዱን መድፍ ዝሆን ተሸክሞለት ነበር፤ ጉደር ግን በአይሱዙ እየተንገጫገጨ ወጥቶ፣ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ቡና ቤት ገብቶ ከተከፈተ በኋላ በብርጭቆ እየተሸጠ ቀናት ይቆያል፤ አየር የገባው ወይን ደግሞ መንገዱ ወደ ኮምጣጤ ነው። በዚያ ላይ ብርዱ አለ። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ የሚሉን ሰዎች የደጋ ክፍል ምሽት ላይ ምን እንደሚመስል አላዩም። ብርድ ሽታውን ይደብቃል፣ ድድ የሚጨብጠውን ጎምዛዛነት ደግሞ ያጎላል። ስለዚህ ፍርዱ የሚጀምረው ፊት ለፊት ከተከፈተ ጠርሙስ ቀድቶ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጅ አቅፎ ትንሽ ካሞቁት በኋላ ነው።

“ታዲያ ደኅና ከሆነ ለምን በስፕራይት ይበረዛል?” የሚል አይጠፋም። በማር ጠጅ ያደገ ምላስ ጣፋጭ ቢፈልግ ምን ይገርማል? ስፔኖችም ቀይ ወይን በኮካ ቀላቅለው ይጠጣሉ፤ ካሊሞቾ ብለው ስም እንኳ አውጥተውለታል። ከውዱ ጋር እኩል ነው ወይ ለሚለኝ ግን አልዋሽም፤ አይደለም። ጥሩ ወይን ከተዋጠ በኋላም አፍ ውስጥ ይቆያል፤ ርካሹ ቸኩሎ ይሄዳል። ቢሆንም ገበታውን ካወቁበት ዋጋውን ይመልሳል። ደረቁ ጉደር ጮማ ካለበት ጥብስ ጋር ይለሰልሳል፤ ዶሮ ወጥ ላይ ግን በርበሬውን ያቀጣጥለዋል፣ ለዚያ ጣፋጩ አክሱማይት ይሻላል። ግማሹ ከተረፈ አፉን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ብርድ ቦታ ማቆየት ነው፤ ለዚህ እንኳ ደጋው ያለ መብራት ፍሪጅ ይሆናል።