ምሳ የሌለው ሸለቆ

ሴሌ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኝ መካከለኛ ወንዝ ነው። ከካንታል ተራሮች ተነሥቶ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ኮንዱሼ ከምትባል፣ ጥቂት ቤቶች ብቻ ካሏት ቦታ ሲደርስ ከሎት ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ከፊዣክ ከተማ በታች ያለውን ሸለቆ ዲ 41 የሚባል ጠባብ አስፋልት እያጀበው ይወርዳል። ጸጥታ ፈላጊ ብስክሌተኞች የሚመኙት ይህንኑ መንገድ ነው። ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጉልበት ያለው ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፤ ሆድ ያለው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል።

ጉዞው የሚጀመርባት ፊዣክ የዣን ፍራንስዋ ሻምፖሊዮን የትውልድ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1790 የተወለደው ሻምፖሊዮን የጥንት ግብፆችን የሥዕል ጽሕፈት የፈታ ሰው ነው። ቋንቋ ማጥናት ሱስ የሆነበት ወጣት ስለነበር ከቅብጥ፣ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር ግእዝንም ተምሯል። ተወልዶ ካደገበት ቤት አጠገብ ባለች አደባባይ ለፍቺው ቁልፍ የሆነው የሮዜታ ድንጋይ ግዙፍ ቅጂ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ሰዉም በላዩ ይራመዳል። ጽሑፉ በሦስት ዓይነት ፊደል የተቀረጸ ነው። ከፊዣክ በታች ያሉ ሱቆች በስንት ሰዓት እንደሚዘጉ ግን በአንዱም አልተጻፈም።

እንዲህ ያለ መንገድ የሚመረጠው በሚሽሊን ካርታ ነው። ቀዩ መንገድ ለመኪና፣ ቢጫው ለሚቸኩል፣ ነጩ ለብስክሌተኛ ነው፤ ጎኑን አረንጓዴ የተቀባ መንገድ ካለ መልክዓ ምድሩ ያማረ ነው ማለት ነው። ዳገት በትንንሽ የቀስት ጫፎች ይታያል፤ አንድ ሲሆን ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ሲሆን ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ሲሆን ከዚያ በላይ። ሦስቱን ያየ ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ካርታውን ቀስ አድርጎ ያጥፍና ስለ ወንዝ ዳር ውበት ማውራት ይጀምራል።

ከፊዣክ መውጫ ላይ ያሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በዋናው መንገድ ስለሆኑ አያጓጉም። ሕጉ መኪና ብስክሌትን ሲቀድም ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር፣ ከተማ ውስጥ 1 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። የጭነት መኪናው ነፋስ ግን ሕጉን ያነበበ አይመስልም። ወደ ዲ 41 ሲታጠፍ ያ ሁሉ ግርግር በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሰንሰለት ድምፅና የውኃ ፏፏታ፣ አልፎ አልፎም የፖስታ ቤቱ ቢጫ መኪና ነው። በአንድ በኩል ወንዙ፣ ማሳውና ጫካው ይታያሉ። በሌላ በኩል ቀጥ ያለ የኖራ ድንጋይ ገደል ቆሞ ቦታ ቦታ ላይ መንገዱ ላይ ያጎነብሳል። ገደሉ ወገብ ላይ፣ መሰላል ካልሆነ በስተቀር የማይደረስባቸው በግንብ የተደፈኑ ዋሻዎች ይታያሉ። የአገሩ ሰው ከመቶ ዓመቱ ጦርነት ጋር አያይዞ «የእንግሊዞች ግንብ» ይላቸዋል። አሮጌና አስፈሪ ነገር ሁሉ ለጠላት መሰጠቱ የትም ያለ ነው።

ይህ ጸጥታ ታዲያ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1836 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ ገጠር የራሱን መንገድ እንዲጠግን አስገደደ፤ ገበሬውም በዓመት እስከ ሦስት ቀን ጉልበቱን እንዲያዋጣ ይጠየቅ ነበር። መንደር ከመንደር፣ ወፍጮ ቤት ከቤተ ክርስቲያን የተገናኘው በዚህ ላብ ነው። በ1851 የሎት አውራጃ ሕዝብ 296 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ከአሜሪካ የመጣች ፊሎክሴራ የምትባል ደቃቃ ተባይ የወይኑን ሥር ፈጀችው፤ ወጣቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደ፤ ከቀሩትም ብዙዎቹን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወሰዳቸው። ዛሬ የአውራጃው ሕዝብ 175 ሺህ ገደማ ነው። ሰዉ ሄደ፤ መንገዱ ግን ቀረ፤ እንዲያውም አስፋልት ለበሰ። ብስክሌተኛው በነፃ ያገኘው የሚመስለው ጸጥታ የእነዚያ ሰዎች ስደት ነው። ሲሄዱ ደግሞ ዳቦ ቤቱንም ይዘው ነው የሄዱት።

ሂሳቡ የሚወራረደው ቀትር ላይ ነው። የቀረችው አንዲት የመንደር ሱቅ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትዘጋለች፤ የምትከፈተው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ብስክሌተኛው የሚደርሰው 6 ሰዓት ከ35 ላይ ነው። ይህ የዕድል ነገር አይደለም። ቡናውን ጠጥቶ፣ ጎማውን ነፍቶ፣ በየገደሉ ሥር ቆሞ ፎቶ አንሥቶ የሚመጣ ሰው ሌላ ሰዓት ሊደርስ አይችልም። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈች ወረቀት በፕላስተር ተለጥፋለች። ሰኞ ከሆነ ወረቀቷን ማንበብም አያስፈልግም። ከጎን ካለው ቤት፣ ከተገጠመው የእንጨት መስኮት ውስጥ፣ የሹካና የሳህን ድምፅ ይወጣል፤ ነጭ ሽንኩርት በዳክዬ ስብ ሲጠበስ ይሸታል። መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር የለም፤ አገሩ ሁሉ ማዕድ ላይ ነው። «እንብላ» የሚል ግን አይሰማም። በፈረንሳይ ገጠር አንዳንድ ቦታ በተዘጋው ዳቦ ቤት ፈንታ የዳቦ መሸጫ ማሽን ቆሟል፤ ሳንቲም ሲጎርስ ባጌት ይተፋል። ሳንቲሙን ጎርሶ ዝም ያለ እንደሆነ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ውኃ በሙታን በኩል ይገኛል። የመንደሩ መካነ መቃብር አብዛኛውን ጊዜ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ ስላለው፣ ነባር ብስክሌተኛ መንደር ሲገባ በዓይኑ የሚፈልገው ካፌ ሳይሆን መስቀል ነው። ከቧንቧው በላይ «ለመጠጥ አይሆንም» የሚል ሰሌዳ አለመኖሩን አይቶ ጠርሙሱን ይሞላል። አበባ ሊያጠጡ የመጡ እናት እዚያ ካገኙት «ቦንዡር» ይላሉ፤ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁታል። ቀጥለውም «ምሳ በልተዋል?» ይሉታል። የመጨረሻው ጥያቄ ጨዋነት እንጂ ግብዣ አይደለም። በዚሁ ሸለቆ ወደ ስፔኗ ሳንቲያጎ የሚያመሩ ተሳላሚዎች ቅርንጫፍ የእግር መንገድ ያልፋል፤ እነሱ ስንቅ ይዘው ነው የሚወጡት።

የማርሲያክ መንደር ግማሹ ጣሪያ የሌለው ጥንታዊ የቤኔዲክቲን ገዳም አላት። ለተራበ ሰው ጥሩ ጥላ ይሰጣል፤ ታሪኩም ያጽናናል። ይህ ገዳም በአንድ ወቅት ራቅ ብላ ገደል ላይ በተንጠለጠለችው በሮካማዱር ላይ መብት ነበረው፤ ችላ ብሎ ሲተዋት የቱል ገዳም መነኮሳት ገቡባት። በ1166 እዚያ ያልፈረሰ አስከሬን ተገኘና የቅዱስ አማዱር ነው ተባለ። ኋላም ትውፊቱ ሰፍቶ፣ ይህ አማዱር ዛፍ ላይ ወጥቶ ጌታን ያየው ቀራጩ ዘኬዎስ ሆነ። ምእመናን ጎረፉ፤ መባው ከነሱ ጋር ጎረፈ። የማርሲያክ መነኮሳትም የኛ ነበረች ብለው ሙግት ያዙ፤ ሮካማዱር ግን ለቱል ጸናች። ሱቅ ከተዘጋ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ መድረስ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

ከካብሬሬ መንደር በላይ ፔሽ ሜርል የተባለው ዋሻ አለ። እዚያ ለመውጣት ካርታው ላይ ያሉትን ቀስቶች መታገሥ ግድ ነው። በ1922 በአካባቢው ታዳጊ ልጆች በተገኘው በዚህ ዋሻ ውስጥ ያሉት የነጠብጣብ ፈረሶች ሥዕሎች 29 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። የሰው ትንፋሽ ሥዕሎቹን ስለሚጎዳ በቀን ከ700 በላይ ጎብኚ አይገባም። በአቅራቢያው ቤት የነበረው ገጣሚ አንድሬ ብሬቶን በ1952 የአንዱ ማሞት ሥዕል መስመር ጥንታዊነቱ ቢያጠራጥረው በጣቱ ነካ አደረገው፤ ያስጎበኝ የነበረው ሰው እጁን በዱላ መታው። ተያይዘው ፍርድ ቤት ደረሱ፤ ገጣሚው ተቀጣ። ብስክሌተኛ ዳገቱን ወጥቶ ሲደርስ እጁን የሚያነሣበት ጉልበት ስለማይኖረው ለሥዕሎቹ ስጋት አይሆንም።

ከካብሬሬ ወደ ኮንዱሼ ያለው የመጨረሻው ቁራጭ አጭር ነው። ዲ 41 እዚያ ያልቅና የሎትን ሸለቆ ተከትሎ ከሚሄደው ትልቅ መንገድ ጋር ይገጥማል። መኪናዎች በበጋ ተሰልፈው ወደ ሳን ሲር ላፖፒ ይጓዛሉ። በ2012 በቴሌቪዥን ውድድር ፈረንሳዮች አብልጠው የወደዷት መንደር ተብላ የተመረጠችው ይህች መንደር ከወንዙ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ገደል አናት ላይ ተቀምጣለች። አይስክሬም፣ ሳንድዊችና ቀዝቃዛ መጠጥ ከሰዓት በኋላም ይሸጥባታል። ብስክሌት የሚደገፍበት ግድግዳ ግን አይገኝባትም፤ ሁሉም ላይ ፎቶ የሚነሣ ሰው ተደግፎበታል።