ሲ ነው መልሱ

ሞለኪውላር ባዮሎጂና ጄኔቲክስ በየካምፓሱ የሚሰጥበትን መንገድ የሚያማ ሰው በዝቷል። «ልጆቹ ይሸመድዳሉ እንጂ አይገባቸውም» ይላሉ። ለመሆኑ ይግባችሁ ያላቸው ማን ነው? የተባሉት ፈተናውን እለፉ ነው። ፈተና ለማለፍ ደግሞ ከመረዳት መቸከል እንደሚሻል ጥቅምት ላይ የተመዘገበ ፍሬሽ እንኳ እስከ ታኅሣሥ ይደርስበታል። የገባው ልጅ ጥያቄውን ሲያይ ማሰብ ይጀምራል፤ ማሰብ ሰዓት ይበላል፤ ሰዓት ያለቀበት ሲ ፕላስ ይዞ ይወጣል። የቸከለው ግን ወረቀቱ ታድሎ ሳያልቅ አጥቁሮ ጨርሷል።

የመምህራኑንም ውለታ መርሳት ነውር ነው። ሂስቶን ኤች 4 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ዲኤንኤ እንዳይዝረከረክ ከሚጠቀለልባቸው አንዱ ነው። 102 አሚኖ አሲዶች አሉት። የአተሩንና የላሟን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የሚለያዩት በ2 ብቻ ነው። አተርና ላም ከጋራ ቅድመ አያታቸው ከተለያዩ ከቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሳይንቲስቶችም በዚህ ሲደነቁ ይኖራሉ። ምስኪኖች፣ የእኛን ሚድ አላዩም! ዲኑ ተቀይሯል፣ ካሪኩለሙ ተቀይሯል፣ የትምህርት ክፍሉ ስም ራሱ ተቀይሯል፤ ፈተናው ግን ያው ነው። የተለወጠ ነገር ቢኖር ቀኑና የአንድ ጥያቄ ተራ ቁጥር ነው፤ እሱም ጸሐፊዋ መስመር ዘልላ። ተፈጥሮ አንድን ነገር ይህን ያህል ዘመን ሳትነካው የምታቆየው ከተነካ ሕይወት ስለሚጠፋ ነው። ፈተናውም ከተነካ የመምህሩ ቅዳሜ ይጠፋል። ስለዚህ ብልህ ተማሪ ላይብረሪ ገብቶ ወገቡን አያጎብጥም፤ ቴሌግራም ከፍቶ የአምናውንና የካቻምናውን ያወርዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሃንድአውት ነው። በሕዋሳችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም፣ ፖሊመሬዝ፣ ፊደል ሲያስገባ ከመቶ ሺህ አንድ ጊዜ ያህል ይሳሳታል። ሲሳሳት ወደ ኋላ ተመልሶ የሳተውን ይቆርጣል፤ ከእሱ ያመለጠውን ሌሎች ጠጋኞች ተከታትለው ያርሙታል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ስህተት ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ነው። የእኛ ሃንድአውት እንዲህ ያለ ቅንጦት አያውቅም። አንዱ ሲኒየር እያዛጋ ሲገለብጥ «ላጊንግ» ባለበት ቦታ «ሊዲንግ» ብሎ ጻፈ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ አባዛው፣ ባች ለባች ተቀባበለው፣ ውሎ አድሮም መልስ ማውጫው ላይ ገባ። ዛሬ «በቁርጥራጭ የሚሠራው የትኛው ክር ነው?» ሲባል በትክክል የመለሰ ልጅ ኤክስ ይደረግበታል። መጽሐፉን ታቅፎ ቢሮ ቢሄድ «ክላስ ላይ የተባለውን ነው የምትመልሰው» ይባላል። ዝግመተ ለውጥን ከዚህ በላይ በተግባር የሚያስተምር አገር የት ይገኛል?

ቁርጥራጮቹ የኦካዛኪ ይባላሉ። ኦካዛኪ የሰው ስም መሆኑን፣ ያውም ሬጂና ጹኔኮ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚያውቅ ተማሪ ካለ ጊዜውን ያባከነ ነው። አይጠየቅም።

ሜሰልሰንና ስታልም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ሙከራ ባክቴሪያዎችን በከባዱ ናይትሮጂን 15 አሳደጉ፤ ዲኤንኤያቸውም ከበደ። ከዚያ ወደ ቀላሉ ናይትሮጂን 14 አዛወሯቸውና አንድ ጊዜ እስኪራቡ ጠበቁ። ዲኤንኤውን በሲዚየም ክሎራይድ ውስጥ በኃይል ሲያሾሩት አንድ መስመር ብቻ ታየ፤ ከባድም ቀላልም ያልሆነ፣ መሐል ላይ። «አሮጌው እንዳለ ይቀመጣል፣ አዲሱ ለብቻው ይሠራል» የሚለው ግምት እዚያው ወደቀ። «አሮጌውና አዲሱ ተቆራርጦ ይደባለቃል» የሚለው ግን ገና አልወደቀም ነበር። ለሁለተኛ ትውልድ ታገሡ። መስመሩ ሁለት ሆነ፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ ቀላል፤ ያኛውም ወደቀ። የቀረው አንድ ብቻ ነው፦ እያንዳንዱ አዲስ ዲኤንኤ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ክር ይዞ ይወጣል። ይህን አንድ ከሰዓት ተቀምጠው ቢያሰላስሉት ደስ ሳይል አይቀርም፤ ፈተናው አጥብቆ የሚጠብቀን ከዚህ ደስታ ነው። ጥያቄው «ዲኤንኤ የሚባዛው እንዴት ነው?» ይላል። ሲ ነው መልሱ። ለምን ሲ እንደሆነ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ የለም። አንድ ጊዜ ምርጫዎቹ ተዘዋውረው ትክክሉ ቢ ላይ ቢወድቅ ክፍሉ በሙሉ ሲን አጥቁሮ ወጣ አሉ፤ ያንን መምህር እስከ ዛሬ በክፋቱ ያነሱታል።

ዲኤንኤ በማሽን የሚባዛበትን ፒሲአርንማ ከእኛ ልጆች በላይ የሚያውቀው የለም። በ94 ዲግሪ ክሮቹ ይለያያሉ፣ በ55 ፕራይመር ይጣበቃል፣ በ72 ይረዝማል፤ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋቸው ያወርዱታል። ማሽኑ ላብ ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ ተማሪ እንዳያበላሸው። ቁልፉ የተሰጠው ሰው ስብሰባ ላይ ነው።

«ታዲያ ከፈተናው በኋላ ዕውቀቱ የት ይገባል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ራሱ ባዮሎጂ አለማወቅ ነው። የባክቴሪያ ኤምአርኤንኤ ዕድሜው በጥቂት ደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ መልእክቱን ያደርስና ይበጣጠሳል። የእኛም ልጅ ከፈተና አዳራሽ እስከ ካፌ ባለው መንገድ ይጨርሰዋል። ለኤግዚት ኤግዛም ሲፈለግ እንደገና ይገለበጣል፤ ዋናው ቅጂ ቴሌግራም ላይ በሰላም ተቀምጦ የለ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያስገርመኛል። ይህ ተማሪ እስከ ንጋት የሚነቃው በቡና ነው። ቡናው፣ አረቢካው፣ ሁለት የቡና ዝርያዎች በጥንት ዘመን ተዳቅለው የወለዱት ነው፤ ዘመዶቹ 22 ክሮሞሶም ሲይዙ እሱ 44 ይዞ ይዞራል። ራት የበላው እንጀራም ቢሆን ጤፉ አራት እጥፍ፣ 40 ክሮሞሶም ያለው ነው። እሱ ግን ሲኒውን ይዞ የሚቸክለው ሜንዴል በብርኖ ገዳም ስላበቀለው አተር ነው፤ ድቡልቡሉና ጭምድዱ፣ 3 ለ 1። ወደ ራሱ ሰውነት ብንመጣም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ጂን በትርፍ ቅጂ ይዘው አግኝቷቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን ሲውጥ ጉበቱ ከሌላው ሰው ፈጥኖ ወደ ሞርፊን ይለውጥበታል። ልጃችን «የጂን መደጋገም ምንድን ነው?» ቢባል ትርጉሙን ሳይተነፍስ ያወርዳል፤ የራሱ ጉበት ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ግን ማን ይንገረው? ሃንድአውቱ የተጻፈው ለሌላ አገር ጉበት ነው።

እንዲህ ተምሮ የወጣው ሰው ግን ያኮራል። አንዱን ውሰዱ፦ ጄኔቲክስን ኤ ይዞ ተመርቋል፣ ሥራም አግኝቷል፣ አግብቷል። ሚስቱ ሦስተኛ ሴት ልጅ ወለደች። እናት ሁልጊዜ ኤክስ እንደምትሰጥ፣ ኤክስ ወይም ዋይ የሚያዋጣው አባት እንደሆነ ፋይናል ላይ ተጠይቆ አጥቁሯል፤ ሙሉ ማርክ ተሰጥቶታል። አራስ ቤት ገንፎ ሲበላ እናቱ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ይቺ ሚስትህ ወንድ አይሆንላት ይሆን እንዴ?» አሉት። ትንሽ አሰበ።

«አይዞሽ እማዬ» አላቸው፤ «ለሚቀጥለው ሐኪም አሳያታለሁ።»