ከዜሮ የጀመረች ሞተር

አምቦና አካባቢዋ ሞተር ሳይክል እንዳያረጅ መላ ተገኝቶለታል፤ ዳሽቦርድ መለወጥ። ትናንት 60 ሺህ ኪሎ ሜትር አስቆጥራ ስታስል የነበረች ቦክሰር ጋራዥ ገብታ ባለ ዲጂታሉ ይገጠምላታል፤ ስትወጣ ዕድሜዋ ዜሮ ነው። ሳሉ ግን አብሯት ይወጣል።

የድሮው ዳሽቦርድ ተንኮል አያውቅም። ከፊት ጎማ የሚነሳ ገመድ ማግኔት ያሽከረክራል፣ ማግኔቱም መርፌውን ይገፋል። ኦቶ ሹልዝ የተባለ ጀርመናዊ ዘዴውን በ1902 እ.ኤ.አ. ካስመዘገበው ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም። ገመዱ ሲበጠስ መርፌው ዜሮ ላይ ይተኛል፤ ሹፌሩም መበላሸቱን አውቆ በግምት ይነዳል።

አዲሱ ግን ዝም ማለት አያውቅም። ከጎማው የሚመጣለትን የኤሌክትሪክ ምት እየቆጠረ ቁጥር ይሰጣል። የጎማው ልክ ስንት እንደሆነ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ስንት ምት እንደሚልክ፣ ኪሎ ሜትር ይቁጠር ማይል፣ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው የነዳጅ መለኪያ 100 ኦም ይሁን 510፣ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሊነግረው ይገባል። አነጋገሩ መመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያው ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ካርቶኑ አሁን የመካኒኩ መቀመጫ ነው።

«ጋሼ፣ መብራቱ ሰባት ዓይነት ቀለም አለው፤ የቱ ይሁንልዎት?»

«ሰማያዊው ያምራል መሰለኝ።»

ከዚህ በኋላ ሥራው አልቋል፤ ሒሳብ ይከፈላል። «የጎማውስ ልክ ገብቷል?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ እስካሁን አላየሁም።

ውጤቱን መንገድ ላይ ማየት ነው። ጎማው በአንድ ዙር አራት ምት እየላከ ዳሽቦርዱ አንድ ብቻ እንደሚጠብቅ ከተተወ፣ በ40 የሚሄደው ወጣት 160 ያነባል። ወጣቱም አይጠራጠርም። አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ በስልኩ ይቀርጸዋል፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል፤ ከሥር «ቀስ በል ወንድሜ» የሚሉ አስተያየቶች ይጎርፋሉ። በዚያው ቪዲዮ ከጀርባው አንድ ባጃጅ ሲያልፈው ይታያል፤ ማንም ልብ አላለውም።

በማይል ተሞልቶ የተተወለት ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። ከአምቦ ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእሱ ዳሽቦርድ ሰባት ተኩል አካባቢ ይላል። «አዲሱ አስፋልት መንገዱን አሳጠረው» የሚል ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አስፋልቱ ግን ያው የድሮው ነው። ይኸው ሰው ዘይት የሚቀይረው በየ2000 ነው፤ ሞተሩ በዚያ መሐል ከ3200 ኪሎ ሜትር በላይ በአንድ ዘይት ተቃጥሏል። ሲነክስበት ጥፋቱ የዘይቱ ይሆናል፣ ዘይቱን ደግሞ የሸጠለት ሰው «የቻይና ሞተር እኮ ነው» ይለዋል።

ነዳጁማ አይነሳ። ኦሙ ስላልተስማማ ሰልባትዮው ባዶ ሆኖ ሙሉ ነው የሚል ዳሽቦርድ አለ። ባለቤቱ በእምነት ተሞልቶ የወንጪን ዳገት ይጀምራል፤ ከግማሽ በኋላ ሃይላንድ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ ቤንዚን ይለምናል። ልምድ ያላቸው ሞተረኞች ሰማያዊውን መብራት ለጌጥ ትተውት ሞተሯን ወዲያና ወዲህ ወዝውዘው ጆሯቸውን ሰልባትዮው ላይ ይደግናሉ። እስካሁን ይህን የሚያህል ጌጅ ከውጭ አልመጣም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በጥንቃቄ የሚሞላ አንድ ነገር አለ፤ ሰዓቱ። እሱም በሀበሻ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3 ብለው ይሞሉትና እየተደሰቱ ይውላሉ። ዳሽቦርዱ ግን እስከ 24 ነው የሚቆጥረው፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ 13 ሲል ተመልሰው ጋራዥ ይሄዳሉ፤ ተበላሸ ብለው። ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሲዋሽ ጋራዥ ያልሄደ ሰው!

የዚህ ሁሉ ዋና ተጠቃሚ አሮጌ ሞተር ሻጩ ነው። ሊብሬው ላይ የተሠራችበት ዘመን ሩቅ፣ ዳሽቦርዱ ላይ 312 ኪሎ ሜትር። እንዴት ሆነ? መልሱ ተዘጋጅቷል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ አግዳ የለ? «ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፤ እገዳው ሲወጣ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች።» ግቢ ውስጥ የቆመች ሞተር የእግር መርገጫዋ ጎማ እንዴት እስከ ብረቱ እንደተበላ ግን አይነግራችሁም። ምናልባት ዶሮዎቹ ይሆናሉ።

ስለዚህ ልትገዙ የምትሄዱ፣ ቁጥሩን ተዉትና መርገጫውን፣ የፍሬኑን ፔዳልና ሊብሬውን እዩ። ዳሽቦርድ ያስለወጣችሁም ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ሞተሯን አንድ ሙሉ ዙር ግፉ፣ መሬት ላይ ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩና በሚሊ ሜትር አስሞሉት። ከዚያ እስከ ጉደር ንዱ። 12 አካባቢ ካለ ሰላም ነው፤ 48 ካለ ግን ከመካኒኩ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ካርቶኑን ከሥሩ አስነስታችሁ መመሪያውን ፈልጉ።