ሩቡን ተራራ የወሰደው ሞተር

እንጅባራ ላይ አሮጌ ሞተር ሳይክል መያዝ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ አየሯ ስስ ነው። በዚህ ከፍታ ሞተር ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። የእኔው ያማሃ ኤጂ 100 ደግሞ ሲፈጠርም 97 ሲሲ ነው፤ ለእርሻ ሥራ የተሠራ፣ ካቴናው ጭቃ እንዳይነካው የተሸፈነ፣ ጆንያ ድንች የለመደ ሽማግሌ። ከዚህ ላይ ሩብ ቀንሱና የቀረውን እናንተው አስሉት።

ቢሆንም ፍጥነት አማረኝ። መካሪ ደግሞ አይጠፋም። አንዱ ጎረምሳ «ማርሚታውን ክፈተው፣ ይበራል» አለኝ። የራሱን ከፍቶታል፤ ጩኸቱ ጎረቤት ከተማ አዲስ ቅዳም ደርሷል፣ ሞተሩ ግን ገና እንጅባራን አልለቀቀም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ሾልኮ ሊወጣ ያለውን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ የሚመልሰው ጭስ ማውጫው ውስጥ ነጥሮ የሚመጣው ግፊት ነው። ያን የበረበረ ሰው ጉልበቱን ሸጦ ጩኸት ገዛ ማለት ነው።

ሌላው «ትልቅ ሞተር እንግጠምለት» አለ። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ካልገጠመ ግን ቦሎ የለም፤ በሕግ ዘመን ሞተር እንደ ካልሲ አይቀየርም።

መካኒኬ ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ተራራው የወሰደበትን እንመልስለት» አለ። አየር ሲሳሳ ካርቡራቶሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል። ስለዚህ ጂግለሩን በትንሽ ቀየረው፤ ማርሚታው ውስጥ የተጋገረውን ጥላሸት ጠረገ፤ ፊልትሮውን አጠበ፤ ፍሬኑንም አጠበቀ።

«ፍሬኑ ከፍጥነት ጋር ምን አገናኘው?»

«የሚሄድ ነገር መቆም አለበታ፣ ጋሼ!»

በመጨረሻ የፊቱን ጥርስ በአንድ ጨመረ። 14 የነበረ ጥርስ 15 ሲሆን፣ ጉልበት ከተገኘ፣ 7 በመቶ ፍጥነት ይገኛል። «ሜዳ ላይ ይሰጥዎታል፣ ዳገት ላይ ያስከፍልዎታል» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ወደ ዳንግላ በረርኩ። መንገዱ ወደ 400 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ምስጋናዬን ለመካኒኩና ለቁልቁለቱ እኩል አካፈልኩ። ስመለስ የጥርሱ ዕዳ መጣ። ዳገቱ መሐል ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ፈረሳቸውን የሚያለማምዱ አንድ አዛውንት ደረሱብኝ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ እንዲህ ያለ ፈረስ ቦሎ ተጠይቆ አያውቅም። እዚሁ ተወልዶ ስላደገም ጂግለሩ ለከፍታው የተስተካከለው ገና በእናቱ ሆድ ነው።

«ልጄ፣ ይህ ምን ይበላል?» አሉኝ፣ ፈረሳቸውን ገታ አድርገው።

«ቤንዚንና ዘይት፣ አባባ።»

«እስቲ ገብስ ሞክርለት» ብለውኝ አለፉ።

እኔ ግን ሕግ አክባሪ ነኝ፤ ቦሎዬ ተለጥፏል፣ ሄልሜቴም ከራሴ አይወርድም። ትራፊክ ፖሊሱም ዳገቱ ላይ ሲያየኝ እጁን አያነሣም፤ አንድን ነገር ለማስቆም መጀመሪያ መሄድ አለበታ!