ጎመን በእንክብል

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ ግን የዘንድሮውን ገና ሰኔ ሳይወጣ ሰማሁት። ልጄ ከደብረ ማርቆስ «ካንሰር ይከላከላል» የተባለ ብልቃጥ ይዞልኝ መጣ። መነጽሬን ሰክቼ ባየው እርድ ነው! እናቱ አልጫው ላይ የምትነሰንሰው እርድ፣ በእንክብል ታሽጎ፣ በዶሮ ዋጋ። አይ ዘመን!

የፋርማሲ ተማሪዋ የልጅ ልጄ መጀመሪያ ለእኔ አደላች። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ቤተ ሙከራ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ቢያዳክምም ሰው ላይ ካንሰር እንደሚከላከል አልተረጋገጠም፤ ቢዋጥም ወደ ደም የሚዘልቀው ጥቂት ነው፤ ቁንዶ በርበሬ ካልታከለበት አለች። ፊንላንድ ደግሞ 29 ሺህ ያህል አጫሽ ወንዶች ተመልምለው ከፊሎቹ ቤታ ካሮቲን፣ ያው ካሮት ውስጥ ያለው፣ በእንክብል ቢሰጣቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲታይ በወሳጆቹ ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። «ከድስት ይብሉት እንጂ ከብልቃጥ አይዋጡት» አለችኝ። መረቅኳት። ምነው ምርቃቴን በቆጠብኩት!

ልጅቱ ወዲያው ጓዳ ገባች። ባለቤቴ ጎመን ከማለዳ ጥዳ እስከ ቅዳሴ መውጫ የምታንተከትክ ሴት ናት። «በጎመኑ ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡት ነገሮች የሚገናኙት ቅጠሉ ሲከተፍ ነው፤ ያ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚቆነጥጠው ያኔ ይወጣል፤ ሰውነት መርዝ እንዲያስወግድ የሚያግዘውም እሱ ነው። እሳት ከቀደመው ግን ከንቱ ነው። ነጭ ሽንኩርቱም ተወቅጦ አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ዘይት ይግባ» አለቻት። ያቺ የእኔን ቃል ሰምታ የማታውቅ ሴት የልጅቱን ሰማች! አሁን ጎመኑ ለብለብ ብሎ፣ ከነግንዱ ይቀርብልኛል። የቀሩኝ ጥርሶች በቀኝ በኩል ሁለት ናቸው፤ በግራ የለም። ከካንሰሩ በፊት ጎመኑ ይገድለኛል።

ሻጋታ የነካውን በርበሬዬንም አፍላቶክሲን አለበት፣ የጉበት ካንሰር ያመጣል ብላ አስደፋችው።

እሺ፣ እንግዲያ አጥሬስ? ፍየል ስትግጠው የኖረው አጣጥ ጉድ ኖሯል ለካ! ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ዘመድ አሜሪካኖች ሜይታንሲን የሚባል ነገር አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1972 አሳወቁ፤ ከእሱ ዘር የተሠራ የጡት ካንሰር መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2013 አገራቸው ውስጥ ተፈቀደ። ይኼን ሰምቼ አንድ ቅጠል ቀንጠስ ሳደርግ ጮኸችብኝ። «አባባ፣ እሱ ምግብ አይደለም፣ መርዝ ነው! መድኃኒት የሆነው ተለክቶ፣ የታመመውን ሕዋስ ለይቶ በሚያገኝ ነገር ላይ ተጣብቆ ነው።» የእኔ አጥር ነው እኮ፤ ፍየሏም የእኔ ናት።

ቡናዬን አልነካችም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከተጠርጣሪዎች መዝገብ አውጥቶታል አሉ። ግን ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ለጉሮሮ ያሰጋል ተብሎ፣ ሲኒዬ ፊቴ ተቀምጦ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። የበረደ ቡና! ጎጃም ውስጥ!

«አረቄስ?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እሱማ ካንሰር አምጪ ተብሎ ከተመዘገበ ቆየ፤ በፈረንጅ ከ1988 ጀምሮ።»

«ጌሾ እኮ ቅጠል ነው!»

መልስ አልሰጠችኝም። መለኪያዬን አነሳችና ጎመን ጨመረችልኝ።