እቅድን ሳይነኩ የመከለስ ጥበብ

የወረዳ የአደጋ ስጋት ቅነሳ እቅድ ክለሳ የሚጀምረው ካለፈው ዓመት ሰነድ ነው። ፋይሉ ይከፈታል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት በአንድ ከፍ ይላል፤ «በተያዘው በጀት ዓመት» የሚለው የመግቢያ ሐረግ ግን አይነካም፤ ሁልጊዜም የተያዘ በጀት ዓመት አለና። ከዚያ ይታተማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ መደርደሪያው ላይ ከታላላቅ ወንድሞቹ ጎን ይሰለፋል። የተካነ ከላሽ ይህን ሁሉ ከምሳ በፊት ይጨርሳል።

ክለሳ ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ማግሥት የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ ቆይቶ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ፤ ዛሬ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይባላል። ስም በተለወጠ ቁጥር ታፔላና ማኅተም ይከለሳል፤ በዚህ በኩል ልምድ አያጥርም። የ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲ ግን ከታፔላ የከበደ ነገር ጠየቀ፤ አደጋው እስኪመጣ ጠብቆ እህል ከማደል ይልቅ ስጋቱን አስቀድሞ መቀነስ፣ ለዚህም የትኛው አደጋ የትኛውን ቀበሌ እንደሚያሰጋ ለይቶ ማወቅ።

በአማራ ክልል አዊ ዞን ይህን ለይቶ ማወቅ አድካሚ ነው። የእንጅባራ ዙሪያ ደጋ ነው፤ ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩ አሲዳማ፣ በረዶና ውርጭም ያሰጋዋል። ዳንግላ ወይና ደጋ ናት። ጃዊ ቆላ ነው፤ ወባ አለበት። ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ ለመጥራት የክለሳ ሊቃውንት «ሰው ሠራሽና ተፈጥሯዊ አደጋዎች» የሚል ሐረግ አላቸው። ሐረጉ ከውርጭ እስከ ወባ የማይሸፍነው የለም፤ የሚከላከለውም የለም።

ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ነገር የዚህን ጥበብ ጥቅም በደንብ ያሳያል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው አርሶ አደሩ እህል በነሳው ማሳ ላይ ዲከረንስ ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመት እየቆረጠ አክስሎ እስከ አዲስ አበባ ሸጠ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ ዛፉን መታው። በሽታው ከእቅዱ የአደጋ ሰንጠረዥ በኋላ የመጣ ስለሆነ በሰንጠረዡ ረድፍ የለውም። ረድፍ ቢጨመርለት ሰንጠረዡ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል፣ ማውጫውም ይዛባል። ስለዚህ ለዛፉ ከመቆርቆር ለማውጫው መቆርቆር ይቀላል።

ሕዝብን ማሳተፍ የሚፈጸመው በቃለ ጉባኤ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር በየቀበሌው መንገድ ያቆራረጠ ፈረሰኛ ይሰበሰባል። የቱ መሻገሪያ በክረምት ፈረስ ከነጋላቢው እንደሚወስድ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ፈረሰኛ ለትርኢት እንጂ ለስጋት ካርታ አይጠራም፤ ባለድርሻ አካል ለመባል አበል የሚፈረምበት ወረቀት ላይ ስም ያስፈልጋል።

ሌላ ቦታ የደረሰ አደጋም ለክለሳ መነሻ አይሆንም፤ «በእኛ ወረዳ አልተከሰተም» ማለት ይበቃል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰው ቀበረ፤ ጎረቤት ሊያወጣ ሲቆፍር ዳግም የተናደው አፈር ለነፍስ አድን የደረሱትን ደፈነ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ናዳ በወረደበት ቦታ ተዳፋቱ ሳይታይ ሕዝብ በገፍ እንዳይጠጋ የሚያዝ አንድ መስመር በጀት አይጠይቅም። መስመሩን ማስገባት ግን ሰነዱን ከሽፋኑ አልፎ መክፈት ይጠይቃል።

በአሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ እቅዱን በየአምስት ዓመቱ ከልሶ ያላጸደቀ የአካባቢ አስተዳደር ከፌዴራሉ የአደጋ ቅነሳ ድጎማ እንዲቀር ያደርጋል። እዚህ ሽፋኑ በየዓመቱ ስለሚታደስ፣ በቁጥር ከተሄደ ወረዳው አሜሪካን አምስት እጥፍ ይቀድማል።

የእቅዱ የመጨረሻ ምዕራፍ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ቦይ የሚጠረገው፣ መሻገሪያ የሚጠገነው ዝናቡ ሳይጠና፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ በጀቱ ተሟጥጦ፣ ቢሮው ለሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ደረሰኝ ያሰባስባል። ቦዩ «ያደረ ሥራ» ተብሎ ወደ ሚቀጥለው እቅድ ይሻገራል፤ ጎርፉ አልፎ ከሄደ በኋላ ግብረ ኃይል ይቋቋማል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት እዚህ እንደ ነቀፌታ አይቆጠርም፤ የሥራ መመሪያ ነው።

ከሽፋኑ አልፎ መከለስ ለሚፈልግ ከላሽ አራት ጥያቄ ይበቃዋል፦ ዘንድሮ ምን መጣ? የቱን ቀበሌ መታ? አምና የታቀደው ቦይ ተቆፈረ? ካልተቆፈረ ማን፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር ይቆፍረው? መልሱ አንድ ገጽ አይሞላም። አዲሱ በጀት የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ያን ቀን አዊ ላይ ክረምቱ ከገባ ሰንብቷል።